«ውሻችን ከኳስ ሌላ ዓለም የለውም»

ጥያቄ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምንኖረው ለገጣፎ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ባለቤቴ ለጥበቃ ብሎ ክልስ ጀርመን ሸፐርድ ቡችላ አመጣ። ልጆቹ ጃክ አሉት። ትንሽ እያለ ትልቁ ልጄ የካልሲ ኳስ እየወረወረ «አምጣ» ይለው ነበር። ሁላችንም ደስ ይለን ነበር። አሁን ግን ጃክ ከኳስ ሌላ ነገር አያውቅም። ገና በር ስከፍት ኳሷን እግሬ ሥር ይጥላል። ካልወረወርኩለት ይጮኻል፤ ሲብስበት ቀሚሴን ይጎትታል። ሲሰለቸን እንወረውርለታለን። ጎረቤት ቡና ሊጠጣ ሲመጣ በለሃጭ የራሰች ኳሱን አምጥቶ ረከቦቱ ሥር ያስቀምጣል። ባለቤቴ ይድከምለት ብሎ ማታ ማታ አንድ ሰዓት ሙሉ ይወረውርለታል፤ ጭራሽ ባሰበት። ምግቡን እንኳ ትቶ ኳስ ይጠብቃል። ሰሞኑን ደግሞ የጎረቤት ልጅ ኳሷን ሊያነሳ ሲል ጃክ አብሮ ተሻማና በጥርሱ እጁን ጫረው። ትንሽ ደምቷል። ጎረቤቶች «ውሻችሁ አብዷል» እያሉ ነው። ባለቤቴ ቀን ቀን በሰንሰለት ይታሰር፣ ካልሆነም ለሰው ይሰጥ ይላል። ልጆቹ ያለቅሳሉ። ምን ይሻለኛል?

እናት፣ ከለገጣፎ

መልስ

እህቴ፣ ስለ ኳሷ ብዙ የምነግርዎት አለኝ። የልጁ እጅ ግን ይቀድማል። ጭረቱ ትንሽ ነው ብላችሁ እንዳትተዉት። የውሻ ጥርስ ቆዳ ቀዶ ደም ካወጣ ቁስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል ማጠብ፣ ከዚያም ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። እስካሁን ካልሄደ ከልጁ እናት ጋር ዛሬውኑ ውሰዱት። የጃክን የክትባት ካርድ ይያዙ። ካርድ ከሌለውም አይደብቁ፤ በግልጽ ይንገሯቸው። ልጁ ክትባት ያስፈልገው እንደሆነ የሚወስነው የጤና ባለሙያው ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ በኋላ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል። ምልክቱ ሳይመጣ በክትባት መከላከል ግን ይቻላል። ጸበሉም ሆነ የባህል መድኃኒቱ ሐኪም ቤት ከመሄድ አያስቀራችሁ።

ጃክም ልጁን ከጫረበት ቀን ጀምሮ ለ10 ቀን ከግቢ ሳይወጣ ይጠበቅ። እነዚህን ቀናት ጤነኛ ሆኖ ካለፈ፣ በዚያች ዕለት ምራቁ ውስጥ በሽታው አልነበረም ማለት ነው። በመሀል ጠባዩ ድንገት ከተለወጠ፣ መዋጥ ካቃተው፣ ሲራመድ ከተንገዳገደ ወይም ያገኘውን ሁሉ መንከስ ከጀመረ ማንም አይንካው። ወዲያው የእንስሳት ሐኪም ጥሩ፣ ልጁን ላየው የጤና ባለሙያም ንገሩ። ክትባቱ ካለፈበት ደግሞ መቼ እንደሚታደስለት ሐኪሙን ይጠይቁ፤ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ እንዳያልፈው።

ጎረቤቶቹ «አብዷል» ያሉት ፈርተው ነው፤ አይቀየሟቸው። እርስዎ የጻፉልኝ ጠባይ ግን በአንድ ሌሊት የመጣ አይደለም። ከቡችላነቱ ጀምሮ ቀስ በቀስ ያደገ ልማድ ነው። ልማድ ደግሞ ይታረማል።

ጃክ ለምን እንዲህ ሆነ? የሚሮጥ ነገር ማሳደድ የውሻ ተፈጥሮ ነው። ዓይኑን ይተክላል፣ አድብቶ ይጠጋል፣ ያሳድዳል፣ ይይዛል። ሰው ውሻን ለሥራ ሲያራባ ከእነዚህ ውስጥ የሚጠቅመውን እየመረጠ አጠናክሮታል። የጃክ ወገን እረኛ ነው። ማክስ ፎን ስቴፋኒትዝ የተባለ ጀርመናዊ የፈረሰኛ ጦር መኮንን በ1899 እ.ኤ.አ. የጀርመን ሸፐርድን ማኅበር ሲያቋቁም መነሻው የበግ ጠባቂ ውሾች ነበሩ። እነዚያ ውሾች ቀኑን ሙሉ በመንጋው ዳር እየተመላለሱ በጎቹ ሰው እርሻ እንዳይገቡ ይከላከላሉ። የዚህ ዓይነት ውሻ ግቢ ተዘግቶበት ሲውል ሥራ ይፈልጋል። እናንተ ቤት ያገኘው ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ ኳስ። ስለዚህ በእኔ እምነት ጃክ ላይ የበዛበትን ኳስ ብቻ ብንቀንስ አይበቃም። ቀኑ ባዶ ነው። ባዶውን መሙላት አለብን።

ሌላው ነገር ሳታውቁት ያስተማራችሁት ነው። «ሲሰለቸን እንወረውርለታለን» ብለዋል። አንድ ጊዜ በመጀመሪያው ጩኸት፣ ሌላ ጊዜ ከብዙ ጩኸት በኋላ፣ አንዳንዴም ቀሚስዎን ሲጎትት ኳሷ ትወረወርለታለች። መቼ እንደምትወረወር ስለማያውቅ ተስፋ አይቆርጥም። እንስሳ ሁልጊዜ ከሚያገኘው ነገር ይልቅ አልፎ አልፎ የሚያገኘው ነገር ላይ ነው ይበልጥ ሙጥኝ የሚለው። ጃክ የተማረው ይህን ነው፤ ብዙ ከጮኸ ይሳካለታል።

ባለቤትዎ አስበው ነው ያደረጉት። ይድከምና ይተኛ ማለታቸው የብዙ ሰው ሐሳብ ነው። ግን ሱሉልታ የሚሮጡትን አትሌቶች ያስቧቸው። በየቀኑ የሚሮጥ ሰውነት እየበረታ ይሄዳል እንጂ እየደከመ አይሄድም። ጃክም በየማታው አንድ ሰዓት ሲሮጥ ጉልበቱ ጨመረ። ዛሬ አንድ ሰዓት የበቃው ከወር በኋላ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈልጋል። በዚያ ላይ ማሳደድ ሰውነትን ያነሳሳል፤ ልብ ይመታል፣ ደም ይሞቃል። ጨዋታው አለቀ ቢባልም ሰውነቱ ወዲያው አይበርድም። እያለከለከ የሚንጎራደደው ለዚህ ነው። የእናንተ ውሻ ደግሞ ሌሊት ይሠራል። በእናንተ አካባቢ ሌሊት ጅብ ይጮኻል፤ ጃክም ሲመልስለት ያድራል። ያደገ ውሻ ከሃያ አራቱ ሰዓት ግማሹን ያህል ይተኛል። ሌሊት ጥበቃ፣ ቀን ኳስ ከሆነበት መቼ ይተኛ? እንቅልፍ ያጣ ውሻ ደግሞ ቁጡ ይሆናል፤ ይሻማል።

እንግዲህ ምን ይደረግ።

ኳሷ ከግቢ ትጥፋ። ለዘላለም አይደለም። ከልጆቹ የእግር ኳስ ጀምሮ ኳሶቹ ሁሉ ተሰብስበው ጃክ በማያይበትና በማያሸትበት ቦታ ይቀመጡ፤ ቁም ሳጥን ላይ ቢሆን ጥሩ ነው። ኳስ ግቢ ውስጥ ተጥላ ካደረች የጨዋታው ጀማሪ ጃክ ነው። ከቤት ስትወጣ ግን ጀማሪው እናንተ ናችሁ። ልጆቹ እግር ኳስ ሲጫወቱ ጃክ ጓሮ ሆኖ የሚበላው ነገር ይሰጠው፤ ወይም እነሱ ውጭ ሜዳ ይጫወቱ።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይብስበታል። ይህን ቀድሜ የምነግርዎት በመሀል እንዳይሸነፉ ነው። ይጮኻል፣ ድንጋይ ያመጣል፣ ጫማ ያመጣል፣ የሃይላንድ ጠርሙስ ያመጣል። ያገለገለው ዘዴ አልሠራ ሲለው በጉልበት ይሞክረዋል። አይቆጡት፣ አይግፉት፣ ዓይኑንም አይዩት። ፊትዎን አዙረው ይሂዱ። ቀሚስ ከጎተተ ቤት ገብተው በሩን ይዝጉ። ዝም ብሎ ሲጋደም ያኔ ይጥሩት፣ ያሻሹት፣ የዳቦ ቁራሽ ይስጡት። ሦስት ቀን ታግሠው በአራተኛው ከወረወሩለት ግን አራት ቀን መጮህ እንደሚያዋጣ ነው የሚማረው። ለጎረቤቶች አስቀድመው ይንገሯቸው፤ «ውሻችንን እያረምነው ነው፣ ለጥቂት ቀን ይጮኻል፣ ይታገሱን» ቢሏቸው እሺ ይላሉ። ቤት ውስጥ ያሉትም ሁሉ ይስማሙ። አያት መጥተው አንዴ ቢወረውሩለት የሳምንቱ ልፋት ከንቱ ነው።

ጩኸቱ ሲቀንስ ኳሷ ትመለስ፤ በሥርዓት ግን። ጠዋት ከ3 ሰዓት በፊት ወይም ከ11 ሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ሳትከር። ከአምስት ስድስት ውርወራ አይብለጥ። ከእያንዳንዱ ውርወራ በፊት «ተቀመጥ» ይባል። እስኪቀመጥ ኳሷ እጅ ላይ ትቆያለች። ሲያመጣ «ልቀቅ» ተብሎ ሲለቅ ቁራሽ ሥጋ ይሰጠው። ከአፉ አይንጠቁት፤ መንጠቅ መሻማትን ያስተምራል፣ የጎረቤቱን ልጅ ያገኘውም ይኸው ነው። በመጨረሻ «በቃ» ይባልና ኳሷ ወደ ቁም ሳጥኗ ትመለስ። ወዲያው ደግሞ እፍኝ ምግብ ሣሩ ላይ ይበተንለት። አንገቱን ደፍቶ እያሸተተ ሲለቅም ሰውነቱ ይበርዳል። «ተቀመጥ» ወይም «ሲት»፣ የፈለጋችሁትን ምረጡ፤ ሁላችሁም ግን አንድ ዓይነት ቃል ተጠቀሙ።

አሁን ወደምወደው ክፍል መጣሁ፤ አፍንጫው። በሰው አፍንጫ ውስጥ ሽታ የሚለዩ ሕዋሳት ጥቂት ሚሊዮን ናቸው። የውሻ ግን ከ100 ሚሊዮን በላይ ነው። ይህን ሁሉ ይዞ የሚኖር ውሻ ቀኑን ሙሉ በዓይኑ ብቻ ኳስ ሲከተል ትልቁ ችሎታው ሥራ ፈትቶ ይቀራል። መወርወሩን በመደበቅ ይተኩት። ልጅዎ ጃክን በገመድ ያስይዝና እያየው ኳሷን ከአበባ ማሰሮ ኋላ ያስቀምጥ። «ፈልግ» ይበለው። ሲለምደው ሳያይ ይደብቅ፤ ከባልዲ ሥር፣ ከሰርቪስ ቤቱ ጥግ፣ ከእንጨት ክምር መሀል። ውሻ ጥቂት ደቂቃ ከልቡ ሲያሸት የሚረካው እርካታ በሩጫ ከሚያገኘው የተለየ ነው። ጨርሶ ይተኛል። ልጅዎም አያጣም፤ ከወርዋሪነት ወደ አስተማሪነት አደገ ማለት ነው።

ቼዘር የምትባል ቦርደር ኮሊ ከሚባለው ዘር የሆነች አሜሪካዊት ውሻ ነበረች። ጆን ፒሊ የተባሉ የሥነ ልቦና ፕሮፌሰር ከ1,000 በላይ የመጫወቻዎችን ስም አስተምረዋታል፤ ቁጥሩ 1,022 ነው። የሷም ወገን እረኛ ነው፣ የሷም ፍቅር ጨዋታ ነው። ፕሮፌሰሩ ያንን ፍቅር ለትምህርቷ ሽልማት አደረጉት። ከጃክ 1,022 አንጠብቅም። አሮጌ ጫማ፣ ገመድና ኳስ በስማቸው ለይቶ ቢያመጣ ለልጆቹ በቂ ደስታ ነው፤ ለሱም በቂ ሥራ።

ምግቡንም ሥራ ያድርጉለት። በሳህን አፍሶ ከመስጠት፣ ግማሹን ካርቶን ውስጥ ከወረቀት ጋር ቀላቅለው ይስጡት፤ ቀዶ ያውጣ። ካርቶኑ ላይ ፕላስተርና ሽቦ እንዳይኖር። የሃይላንድ ጠርሙስ ግን አይስጡት፤ ፕላስቲኩን ሰባብሮ ይውጠዋል። እግረ መንገዴን፣ ብዙዎቻችን ከሥጋ ቤት ሳንባ ገዝተን ነው ለውሻ የምንሰጠው። በደንብ ይቀቀል። ጥሬ ሳንባና ጉበት ውስጥ ውሃ የቋጠረ እጢ ካለ ውሻው የኮሶ ትል ዓይነት ይይዘዋል፤ ከውሻው ዓይነ ምድር ደግሞ ወደ ልጆች ይተላለፋል። የትል መድኃኒቱን ሐኪሙ ባዘዘው ጊዜ ይስጡት፤ ልጆቹም ከጨዋታ በኋላ እጃቸውን ይታጠቡ።

10ሩ ቀን ካለፈ በኋላ ይዘውት ይውጡ። ለገጣፎ ገና ሜዳ አለው፣ ይጠቀሙበት። በረጅም ገመድ፣ ቀስ ብሎ፣ ያገኘውን ሁሉ እያሸተተ። ሩጫ አይደለም፤ እሱ ይምራ። ገመዱን ግን አይፍቱ። ማሳደድ የለመደ ውሻ በግና ዶሮ ሲያይ፣ ባጃጅ ሲያልፍ አያስችለውም። ባለቤትዎ ማታ ማታ የሚሰጡትን አንድ ሰዓት ወደዚህ ቢያዞሩት ለጃክ ከሁሉ የሚሻል ስጦታ ነው።

የካልሲ ኳሷን ነገር ሳልናገር አላልፍም። ይጣሉልኝ። እኛ ሁላችን ያደግንባት ኳስ ናት፤ ለውሻ ግን አደገኛ ናት። ጨርቁን ነካክሶ ይውጠዋል፣ አንጀቱን ይዘጋል። ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ምግብ እምቢ ካለ፣ ካልተጸዳዳ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው፤ ማደር የለበትም። የቴኒስ ኳስም ለረጅም ማኘክ አይሆንም። ፀጉሩ አቧራና አሸዋ ይይዝና ጥርሱን እንደ ሞረድ ይበላዋል። እንጨት መወርወርም ጉሮሮ ይወጋል። የሚሻለው ጠንካራ የላስቲክ ኳስ ነው፤ ወደ ጉሮሮው ሊገባ የማይችል ትልቅ። ሲወረውሩ መሬት ለመሬት ያንከባሉት እንጂ ወደ ላይ አይወርውሩ። እየዘለለ በአየር ላይ ሲታጠፍ ጉልበቱንና ዳሌውን ይጎዳል፤ ሸፐርድ በዳሌው በኩል ደካማ ዘር ነው። ኮብልስቶን ላይ አያስሩጡት፣ ክረምት ላይም በሚያንሸራትት ጭቃ ላይ። ከበላ በኋላም ሆዱ እንዳይነፋ ይረፍ። ኳስ የሚወድ ውሻ ደከመኝ ብሎ አያቆምም። ስለዚህ ማቆም የእናንተ ኃላፊነት ነው። ምላሱ ረዝሞ ከወጣ፣ ድዱ ከቀላ፣ እግሩ ከተሳሰረ ጥላ ሥር ያስገቡት፣ ገላውን በውሃ ያርሱት፣ ሐኪም ጋ ይደውሉ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የሱም ድርሻ በጀሪካን ይቀመጥለት።

ስለ ቡናው ደግሞ። በረንዳው ጥግ አንድ ጆንያ ያንጥፉለት፣ ቦታው ይሁን። እንግዳ በሌለበት ሰዓት እዚያ ሲተኛ ቁራሽ እየወረወሩ ያለማምዱት። ከዚያ እርስዎ ብቻዎን ቡና ሲያፈሉ፣ ከዚያ አንድ ጎረቤት ሲመጣ። የጎረቤቶቹ ልጆች ግን አሁን ይራቁ። ኳስ ባለበት ቦታ ልጅና ጃክ ያለ ትልቅ ሰው አይገናኙ።

ሰንሰለቱን እቃወማለሁ። የታሰረ ውሻ ሁሉ ነገር ፊቱ ያልፋል፣ ምንም አይደርስበትም። ሲፈታ ያንን ሁሉ በሰው ላይ ይወጣዋል። የግድ መለየት ካስፈለገ ጥላና ውሃ ያለው፣ ተነስቶ የሚንጎራደድበት አጥር ይሠራለት።

ጃክ ኳስ ተደብቆም ቀኑን ሙሉ ጥላና ብርሃን የሚያሳድድ፣ ጭራውን የሚነክስ፣ እያነከሰም መሮጥ የማያቆም ከሆነ ለሐኪም ያሳዩት። አንዳንዱ ነገር በማለማመድ ብቻ አይድንም። ጥርሱንም አብረው ያሳዩ፤ የተበላ ወይም መሀሉ የጠቆረ ጥርስ ካለ ያመዋል፣ የታመመ ውሻ ደግሞ ይናከሳል።

ለሰው መስጠቱን አሁን አትወስኑ። ሁለት ወር ሞክሩት፤ ከዚያ ከባለቤትዎ ጋር ተቀምጣችሁ ተነጋገሩ። ያኔም አልሆነም ካላችሁ አልፈርድባችሁም። ለሚወስደው ሰው ግን የክትባት ካርዱን ስጡ፣ የኳሱን ጠባይና የልጁን ጭረት ሳትደብቁ ንገሩ፣ ይህን ወረቀትም አብራችሁ ስጡት።